አንድ ሚክስ፣ ሁለት ላብራቶሪ፣ ሁለት ቮይድ፦ የትኛውን አምነን ሬንጅ እንጨምር?

ጠጠርና_ሬንጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የአስፋልት ላብ የምትሠሩ ሰዎች እርዱኝ። በአማካሪው በኩል ማቴሪያል ኢንጂነር ነኝ። መንገዳችን ረጅም ዳገት አለበት፤ ጭነት የያዙ ተሳቢዎች በብዛት ያልፉበታል። የላይኛውን ንጣፍ ጆብ ሚክስ (የጠጠርና የሬንጅ ቅልቅሉን ቀመር) ልናጸድቅ ስንል ነው ነገሩ የተወሳሰበው።

ከአንድ ሚክስ ናሙና ወስደን ለሁለት ከፈልነው። ግማሹን የተቋራጩ ላብ፣ ግማሹን የእኛ ላብ ሠራው። ሬንጁ 60/70 ነው፣ መጠኑ 5.0 በመቶ። ሁለታችንም በማርሻል (ናሙናውን በመዶሻ ጠቅጥቆ በሚፈትሽ ዘዴ)፣ በየፊቱ 75 ምት። የእነሱ ኤር ቮይድ (በተጠቀጠቀው ናሙና ውስጥ የሚቀረው የአየር ክፍተት) 3.9 በመቶ ወጣ፤ የእኛ 5.2። ደግመን ሠራነው፣ ልዩነቱ አልጠፋም።

አለቃዬ “ቮይዱ 4 እስኪገባ ሬንጅ ይጨመር” ይላል። ያ ማለት ወደ 5.5 መጠጋት ነው። እኔ ግን ዳገቱን ሳስብ ፈራሁ። ሬንጅ በዝቶ፣ በበጋው ሙቀት ጎማ የሚረግጠው ቦታ ቦይ ቢሠራስ? የተቋራጩ ሰዎች ደግሞ “5.0 ይበቃል” ሲሉ ለመንገዱ ይሁን ለኪሳቸው አላውቅም። ምን ላድርግ?

የላብ_ሰው፦

እህቴ፣ ማንንም ከማመንሽ በፊት መዶሻውን እዪው።

ማርሻል ሲታይ ቀላል ነው። 4.5 ኪሎ ክብደት ከ457 ሚሊሜትር ከፍታ ይወድቃል፣ 75 ጊዜ። ናሙናው ይገለበጥና ደግሞ 75። ግን ናሙናው የሚያገኘው ጉልበት በምቱ ቁጥር ብቻ አይወሰንም። ሞልዱ (የናሙናው ቅርጽ ማውጫ) የሚቀመጥበት እንጨት ጎኑ 203 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 457 ሚሊሜትር፣ ከላዩ 25 ሚሊሜትር የብረት ሳህን ያለው መሆን አለበት። ዋናው ነገር ደግሞ ጠንካራ ኮንክሪት ላይ መታሰሩ ነው። እንጨቱ ከተንቀሳቀሰ ጉልበቱ ናሙናው ውስጥ አይቀርም፣ ወለሉ ይበላዋል። በጆሮም ይታወቃል። ደህና የታሰረ መዶሻ ሲመታ ድምፁ ደረቅና አጭር ነው። የላላው ያስተጋባል፣ ሞልዱም ትንሽ ትንሽ ይዘላል።

ሁለተኛ ሙቀቱን። ምድጃው የሚያሳየውን ቁጥር ተዪው። ቴርሞሜትሩን ሞልድ ውስጥ የገባው ሚክስ መሀል ክተቺው። መጠቅጠቅ የሚጀመረው የሬንጁ ቪስኮሲቲ (አልፈስም ባይነቱ) 0.28 ፓስካል ሰከንድ አካባቢ በሚሆንበት ሙቀት ነው፤ ይህንን ከሬንጁ የሙከራ ወረቀት ላይ ታገኚዋለሽ። 1,200 ግራም ሚክስ ትንሽ ነገር ነው፣ ቶሎ ይበርዳል። ሞልዱና የመዶሻው እግር ቀድመው ካልሞቁ ጠርዙ ላይ ያለው ሚክስ ገና መዶሻው ሳይነሳ ደርቋል።

ሦስተኛ፣ አንዳችሁ በእጅ፣ አንዳችሁ በማሽን ነው የምትመቱት? በእጅ የሚመታ ሰው ዘንጉን ትንሽ ያዘነብለዋል። ያ ናሙናውን እንደ ማሸት ስለሚያደርገው ብዙ ጊዜ በእጅ የተመታው የበለጠ ይጠቀጠቃል። ማሽኑ ከእጁ ጋር ካልተመሳከረ “75 ምት” የሚለው ቃል ብቻ ነው አንድ የሚያደርጋችሁ።

ሮለር_ሜዳ፦

የላብ ሰው ባሉት ላይ አንድ ልጨምር። ቮይድን እንደ አንድ ቁጥር አትዪው። ከሁለት መለኪያዎች የሚወጣ ነው፦ ከተጠቀጠቀው ናሙና ባልክ ዴንሲቲ (ክፍተቱን ጨምሮ ያለው እፍጋት) እና ካልተጠቀጠቀው ሚክስ ማክሲመም ዴንሲቲ (አየሩ ወጥቶ ያለው እፍጋት)። መጀመሪያ የትኛው ላይ እንደተለያያችሁ እወቂ። ማክሲመሙ ላይ ከሆነ መዶሻው ምንም አላጠፋም።

ጠጠርና_ሬንጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ። የእነሱ ባልክ 2.352፣ ማክሲመም 2.448። የእኛ ባልክ 2.319፣ ማክሲመም 2.446። ስለዚህ ልዩነቱ ያለው ባልኩ ላይ ነው። የእኛ ናሙና ያነሰ ተጠቅጥቋል ማለት ነው አይደል? ሁለታችንም በማሽን ነው የምንመታው።

ሮለር_ሜዳ፦

አዎ፣ ልክ ነሽ። ማክሲመሙ መግጠሙ ጥሩ ዜና ነው። ደጋ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሱ ላይ ነው፤ በቅንፍ ልናገር። ማክሲመሙን ስንሠራ አየሩን በቫኪዩም እናወጣለን፣ ውስጥ የሚቀረው ግፊት ከ25 እስከ 30 ሚሊሜትር ሜርኩሪ መሆን አለበት። ባሕር ጠረፍ ላይ ተራ ጌጅ ወደ 730 ሲያሳይ እዚያ ደርሰሻል። አዲስ አበባ ላይ ግን የአየሩ ግፊት ራሱ 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ፣ በሜርኩሪ ከ580 ሚሊሜትር በታች ነው። ጌጁ 730ን መቼም አያሳይም። ስለዚህ ፍጹም ግፊት የሚለካ ማኖሜትር ያስፈልጋል። አየሩ ሳይወጣ ከቀረ ማክሲመሙ ዝቅ ይላል፣ ቮይዱም ያለ አግባብ ያንሳል።

ወደ ጉዳይሽ ልመለስ። አለቃሽ ያሉት ነገር ለምን አደገኛ እንደሆነ በቁጥር እንየው። ሬንጅ የሚለካው በክብደት ነው፣ ቮይድ ግን በይዘት። ሚክሱ ከሬንጁ ከሁለት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ 0.4 በመቶ ሬንጅ ሲጨመር ቮይዱ ወደ 1 በመቶ ገደማ ይወርዳል። የእናንተ የ1.3 ልዩነት ወደ 0.5 በመቶ ሬንጅ ነው። መዶሻው ሰንፎ ከሆነ፣ የመዶሻውን ስንፍና በሬንጅ ልትሞሉት ነው። መንገዱ ላይ ግን ስንፍና የለም። ተሳቢው የላብራቶሪው መዶሻ ያልሠራውን ይጨርሰዋል፣ ቮይዱ ይዘጋል፣ ሬንጁ መሄጃ ያጣል።

ሌላም አለ፣ ይህን ብዙ ሰው አያየውም። ስፔካችሁ (የውሉ የጥራት መስፈርት) “ሜዳ ላይ ከማርሻል ዴንሲቲ 98 በመቶ” የሚል ከሆነ የሰነፈው መዶሻ የሜዳውንም መለኪያ ያወርደዋል። የተቋራጩን ባልክ ብትይዙ 98 በመቶው ቮይዱን ወደ 6 ያደርሰዋል። የእናንተን ብትይዙ ከ7 በላይ ሆኖም ያልፋል። ሮለሩ ትንሽ ዞሮ ፈተናውን አለፈ ማለት ነው። ለዚህ ነው ሜዳውን ከማክሲመሙ አንጻር መለካት የተሻለ የምለው። ማክሲመም መዶሻ አያውቅም።

ሦስተኛ_ዓመት_ሲቪል፦

ተማሪ ነኝ፣ ይቅርታ ካቋረጥኩ። ስታቢሊቲው ከፍ ብሎ ከወጣ ቮይዱ ላይ ይህን ያህል መጨነቅ ያስፈልጋል? የእኛ መምህር ስታቢሊቲ ላይ ነው ብዙ ጊዜ የሚቆዩት።

የላብ_ሰው፦

ጥሩ ጥያቄ ነው ልጄ። ስታቢሊቲ ናሙናውን በ60 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ካቆየን በኋላ በጎኑ ይዘን በደቂቃ 50.8 ሚሊሜትር ፍጥነት ስንጫነው የሚሸከመው ከፍተኛ ጭነት ነው። ለከባድ ትራፊክ ቢያንስ 8 ኪሎ ኒውተን ይፈለጋል። ግን አስብ። ያ ጭነት አንድ ጊዜ መጥቶ በሰከንዶች ውስጥ ያበቃል። ዳገት ላይ ያለ ተሳቢ ደግሞ ቀስ ብሎ ይረግጣል፣ ሌላው ይከተላል፣ ቀኑን ሙሉ። አስፋልት የሚለወጠው ጭነቱ ሲቆይበት ነው። ስለዚህ 12 እና 13 ኪሎ ኒውተን የወጣለት ሚክስ ቦይ ሲሠራ ብታይ አትገረም። ፍሎውንም (በዚያ ጭነት ናሙናው ምን ያህል እንደተጨመቀ) አብረህ እይ፣ ቮይዱን ግን ከሁሉም በፊት።

ሜሪላንድ_ያለሁ፦

ከአሜሪካ ሰላም እላለሁ። እዚህ የአስፋልት ፕላንት ጥራት ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። እኛ ጋ ለመንገድ ሥራ ማርሻል ቦታውን ለጋይሬተሪ (እያዞረ ለሚጠቀጥቅ ማሽን) ለቋል፣ እና ነገሩን ከዚህ ጎን ሳየው ክርክራችሁ በጣም የታወቀ ነው።

ማርሻልን የጀመረው ብሩስ ማርሻል ነው፣ በሚሲሲፒ የሀይዌይ መሥሪያ ቤት፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆች)። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ለአውሮፕላን ማረፊያ አሻሻሉት። ልብ በሉ፣ የምቱን ቁጥር የመረጡት ናሙናው ትራፊክ ከረገጠው አስፋልት ጋር እንዲመሳሰል አድርገው ነው። የአውሮፕላኑ ጎማ ግፊት ሲጨምር 50 ምት ወደ 75 ወጣ። 75 ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። የዚያን ጊዜ ጎማ ነው።

ጋይሬተሪው ከ1987 እስከ 1993 በተካሄደው ትልቅ የመንገድ ምርምር ማግስት ነው የተስፋፋው። አይመታም። 600 ኪሎ ፓስካል እየተጫነ፣ ሞልዱን በትንሽ ማዕዘን አዘንብሎ በደቂቃ 30 ጊዜ ያዞረዋል። ጠጠሮቹ እየተንሸራተቱ ቦታ ይይዛሉ፣ ሮለር ስር እንደሚያደርጉት። የመዶሻ ምት ግን ከላይ ብቻ ስለሆነ ጠጠሮቹን በዚያ መልክ አያስተኛቸውም፤ ደካማ ጠጠር ካለ ደግሞ ይሰብራቸዋል። የተሰበረ ጠጠር ፊለር (ደቃቅ ዱቄት) ይጨምራል፣ ውጤቱም ሌላ ሚክስ ይሆናል።

ግን እኛም ከጭቅጭቅ አልዳንንም። መጀመሪያ የወጣው የዙር ሰንጠረዥ ብዙ ቦታ ላይ ከበደ። ላብ ውስጥ በጣም ሲጠቀጠቅ ቮይዱ በትንሽ ሬንጅ 4 ይገባል፣ ሚክሱ ደረቅ ሆኖ ይወጣል፣ መንገዱም ይሰነጠቃል፣ ጠጠሩ ይለቃል። ስለዚህ ብዙ ስቴቶች ዙሩን ቀንሰዋል። እናንተ ስለ ሰነፈ መዶሻ ትጨነቃላችሁ፣ እኛ ስለበዛ ዙር ተጨነቅን። በሁለቱም በኩል መንገዱ ነው የሚጎዳው።

አንድ ነገር ደግሞ ተጠንቀቁ። ዊል ትራኪንግ (ናሙናው ላይ ጎማ እያመላለሱ ቦይ መሥራቱን የሚያዩበት ሙከራ) የምታሠሩ ከሆነ ናሙናው በስንት ቮይድ እንደተሠራ ጠይቁ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው የሀምቡርጉ ሙከራ 705 ኒውተን የሚጫን የብረት ጎማ ውሃ ውስጥ 20,000 ጊዜ ያሳልፋል፣ ናሙናው ግን 7 በመቶ ቮይድ ገደማ መሆን አለበት፤ አዲስ የተነጠፈ መንገድ የሚመስለው እሱ ነውና። 5 በመቶ አድርጎ ጠቅጥቆ ያመጣላችሁ ሰው ጥሩ ውጤት ያሳያችኋል። ውጤቱ የሚክሱ ሳይሆን የመጠቅጠቁ ነው።

ጠጠርና_ሬንጅ፦

ዛሬ ከተቋራጩ የላብ ኃላፊ ጋር ሁለቱንም ላብ ዞረን አየን። የእኛ ላብ ኮንቴይነር ውስጥ ነው። የመዶሻው እንጨት የቆመው የኮንቴይነሩ የፕላይውድ ወለል ላይ ነው! ከሥሩ ባዶ ነው። እየተመታ እጄን ወለሉ ላይ ሳደርግ ንዝረቱ እስከ በሩ ይሰማል። መዶሻውን አውጥተን ውጭ ያለ የኮንክሪት ሰሌዳ ላይ በብሎን አሰርነው። ከዚያው ናሙና የቀረውን በትክክለኛው ሙቀት መታነው፦ ቮይዱ 4.1። የአለቃዬም ጥያቄ አብሮ ተመለሰ፣ ሬንጁ 5.0 ላይ ይቆያል።

ግን የላብ ሰው፣ ጋሼ፣ እርስዎና ሜሪላንድ ያለው ወንድማችን ያላችሁት አእምሮዬ ውስጥ ቀረ። መዶሻው ልክ ሆነ እንበል። 75 ምት ራሱ ለዚህ ዳገት ይበቃል?

የላብ_ሰው፦

አሁን ዋናው ጥያቄ ላይ ደረስሽ። ለሜዳማው ክፍል ይበቃል። ለዳገቱ ግን እኔ አይበቃም እላለሁ።

በሐሩር አገሮች መንገድ ላይ የሠሩት የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ለእንዲህ ያለ ቦታ፣ ማለትም ለዳገት፣ ለመገናኛ፣ መኪና ለሚቆምበት ቦታ፣ የሪፊውዛል ዴንሲቲ ዲዛይን ይመክራሉ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ሚክሱን ከዚህ በላይ አልጠቀጠቅም እስኪል ድረስ ጠቅጥቀው። እዚያም ደርሶ ቢያንስ 3 በመቶ ቮይድ ይቅርለት። ተሳቢው ለዓመታት ቢረግጠው ከዚያ በታች ሊያወርደው አይችልም። ቮይዱ ከ3 በታች ሲወርድ ነው ጠጠሩ ጠጠር ላይ መደገፉን ትቶ ሬንጁ ላይ የሚንሳፈፈው፣ ቦዩም ያኔ ይጀምራል።

ሥራው የሚሠራው በንዝረት መዶሻ ነው፣ ሰፋ ባለ 150 ሚሊሜትር ገደማ ሞልድ፣ ከላይም ከታችም። የማርሻሉን ምት መቶዎች አድርጎ መምታት አይጠቅምም፤ ጠጠር ትሰብሪያለሽ። ጥርጣሬ ካለሽ ሬንጁን አጥበሽ ጠጠሩን እንደገና በወንፊት ንፊው፣ ግሬዴሽኑ (የጠጠሩ መጠን ስርጭት) ከተለወጠ ታውቂዋለሽ።

ዳገት_ወጪ፦

እኔ ሹፌር ነኝ፣ መሐንዲስ አይደለሁም። ርዕሱን አይቼ ገባሁ። ተሳቢ ይዤ አባይ በረሃን ከጎሃ ጽዮን ወርጄ ወደ ደጀን ስወጣ በከባድ ማርሽ እየጎተትኩ ነው። ሰው በእግሩ ፈጥኖ ሊቀድመኝ ይችላል። አስፋልት ቦይ ከሠራ ጎማው ከዚያ አይወጣም፣ መሪው ይጎትታል፣ ከፊት ለመጣ መኪና መንገድ መልቀቅ ራሱ ጭንቅ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ቦዩ ውሃ ይይዛል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ምን እንደሚሆን እናንተ ገምቱት። ስለዚህ ስለ አንድ ቁጥር እንዲህ ስትከራከሩ ሳይ ደስ ብሎኛል። ቀጥሉ።

ሮለር_ሜዳ፦

ወንድሜ፣ በጣም እናመሰግናለን። የጠቀስከው ቦታ ሁለተኛ ችግር አለው። ከወንዙ እስከ አፋፉ ከ1,000 ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት ነው። ታች በረሃ፣ ላይ ደጋ። ለታቹ የሚሆን ሬንጅና መጠን ለላዩ ላይሆን ይችላል።

አሁን ጋሼን በአክብሮት ልሞግት። ሪፊውዛሉን እቀበላለሁ፣ ግን የሜዳውን ሰው አትርሱት። በሪፊውዛል ዲዛይን የተሠራ ሚክስ ሬንጁ አነስ ይላል፣ ጠጠሩ ሻካራ ነው፣ ለሮለር ይከብዳል። ጠዋት ንፋስ ባለበት ደጋ፣ ስስ ንጣፍ ላይ፣ ፕላንቱ ሩቅ ሆኖ ሚክሱ በርዶ ሲደርስ ምን ይሆናል? ቮይዱ 8 እና 9 ላይ ይቀራል። ክፍተቶቹ እርስ በርስ ይገናኛሉ፣ ውሃ ይገባል፣ አየር ሬንጁን ያደርቀዋል፣ በጥቂት ክረምት ጠጠሩ መፈልቀቅ ይጀምራል። ከቦይ ሸሽተን ጉድጓድ ውስጥ መግባት ነው። ትራፊክ ይጠቀጥቀዋል ብሎ መተው ደግሞ አይሠራም፤ ጎማ የሚረግጠው መስመር ይጠቀጠቅ ይሆናል፣ መሀሉና ትከሻው ግን እንደነበረ ይቀራል።

የላብ_ሰው፦

ልክ ነህ፣ አልከራከርህም። ሪፊውዛል ያለ ጥሩ ሮለር አይሠራም። ንጣፉ ቢያንስ የትልቁን ጠጠር መጠን ሦስት እጥፍ፣ ቢቻል አራት እጥፍ ይሁን። ስስ ከሆነ ሙቀቱን አይይዝም፣ ጠጠሩም መዞሪያ ቦታ የለውም። የጎማ ሮለር ይኑር፣ እሱ እንደ ጋይሬተሪው ያሻል። ሸራ ሳይለብስ የመጣን ገልባጭ አትቀበሉ።

ጠጠርና_ሬንጅ፦

ለተቋራጩ ስነግራቸው “በውሉ ያለው ማርሻል ነው፣ ሌላ ካላችሁ ተጨማሪ ክፍያ” አሉ። አለቃዬም ውሉን ነው የሚያየው። በምን ላሳምናቸው?

ሜሪላንድ_ያለሁ፦

ማርሻሉን አትሰርዢው። ጆብ ሚክሱ በማርሻል ይጽደቅ፣ ውሉ እንደሚለው። ለዳገቱ ክፍል ብቻ ከዚያው ጠጠርና ሬንጅ፣ 5.0 ላይ እና ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ የሪፊውዛል ናሙናዎች ይሠሩ። 5.0 ላይ 3 በመቶ ቮይድ ከቀረው ምንም የሚለወጥ ነገር የለም፣ ክርክሩም የለም። ካልቀረው ደግሞ ቁጥሩ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሰው ከሐሳብ ጋር ይከራከራል፣ ሁለቱ ወገን አብረው ከሠሩት ናሙና ጋር ግን ይከብደዋል።

ሮለር_ሜዳ፦

በዚህ ላይ የሙከራ ንጣፍ ጠይቂ፣ ይህ ብዙ ውል ውስጥ አለ። ዳገቱ ላይ ይሁን እንጂ ካምፑ አጠገብ ያለ ሜዳ ላይ አይሁን። በአንዱ ክፍል 5.0፣ በሌላው የሪፊውዛሉ መጠን። ሮለሩ ስንት ጊዜ እንደዞረና ሲጀምር ሚክሱ ስንት ዲግሪ እንደነበረ ይጻፍ። በማግስቱ ኮር (ከንጣፉ የሚወጣ ክብ ናሙና) ቁረጡ፣ ከማክሲመሙ አንጻር ቮይዱን አውጡ። ቦታውን በኪሎሜትር ምልክት መዝግቢው። ከመጀመሪያው በጋ በኋላ ከጎማው መስመርና ከመስመሮቹ መሀል እንደገና ይቆረጥ። የሁለቱ ልዩነት ትራፊኩ ምን ያህል እንደጠቀጠቀው ይነግራችኋል፣ ለሚቀጥለው ሎትም (የመንገድ ክፍል) ምት ስትመርጡ ይዛችሁት የምትመጡት ቁጥር እሱ ነው።

ጠጠርና_ሬንጅ፦

ይህ ይሠራል። የሙከራ ንጣፉ ውላችን ውስጥ አለ፤ ነገ ስብሰባ ላይ ቦታው ወደ ዳገቱ እንዲዛወር አቀርባለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ኮሩ 100 ሚሊሜትር ይበቃል ወይስ 150?

የላብ_ሰው፦

150። ትልቁ ጠጠራችሁ 19 ሚሊሜትር ከሆነ በትንሹ ኮር ጠርዝ ላይ የሚቆረጠው ጠጠር ውጤቱን ያዛባዋል። ጠዋት በብርድ ቁረጡ፣ አስፋልቱ ሲሞቅ ኮሩ ይበላሻል። የሁለቱም ላብ ቴክኒሻኖች ቦታው ላይ ይኑሩ፣ ኮሩም በሁለቱም ፊርማ ይታሸግ።